በነፋሻ ቀን ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ናቸው። ሀዋሳም ሆነ ዝዋይ ማለዳ ላይ ውኃው ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ነፋሱም ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ቁርሱን በልቶ የሚመጣ ሰው ሐይቁ ዳር የሚደርሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ትንሽ ያይና «ዛሬ ወፍ የለም» ብሎ ይመለሳል። ወፎቹ ግን አሉ፤ ቦታ ነው የቀየሩት።

ትልቁ ስህተት ዓይንን የሐይቁ መሐል ላይ መትከል ነው። ማዕበል የሚያንገላታው ውኃ ላይ ዳክዬ ብዙም አይቀመጥም። መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፣ ከዚያ የተከለለውን ጥግ ይፈልጉ። ሀዋሳ ላይ ቄጠማ የበዛበት ዳር ሄደው ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ከላይ ቅጠሉ እየተናጠ ከሥሩ ያለው ውኃ እምብዛም አይነቃነቅም። ብላክ ክሬክ የምትባለው ጥቁር ወፍ እዚያ ውስጥ ነው የምትመላለሰው፤ ምንቃሯ ቢጫ፣ እግሯ ቀይ ነው። ትንሽ ከታገሡ ደግሞ አንዱ ዘንግ ላይ፣ ከውኃው እምብዛም ሳትርቅ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍ ተቀምጣ ያገኛሉ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ ምንቃሯ ቀይ ነው። ማላካይት ኪንግፊሸር ትባላለች። ዘንጉ ሲወዛወዝ እሷም አብራ ትወዛወዛለች፤ ጭንቅላቷ ግን ዓሣው ላይ እንዳነጣጠረ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ይህን ሳያዩ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ከአባ ኮዳ ወፍ ጋር ፎቶ ተነሥቶ መመለስ በጣም ያሳዝናል።

ሁለተኛው ስህተት ፊትን ለነፋስ ሰጥቶ መቆም ነው። ዓይን ያለቅሳል፣ የሩቅ ማያ መነጽሩ ላይ ውኃ ይረጫል። ከዚያ በላይ ግን የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ዳር ላይ ያረፉ ወፎች ነፋስ ሲበረታ ላባቸው እንዳይገለበጥ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። ሲነሡም ወደ ነፋሱ ነው የሚነሡት። ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባዎ ካደረጉ ወፎቹ ፊት ለፊት ያዩዎታል፤ ሲበሩም ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት። ተቃራኒውን ከቆሙ ሲያዩ የሚውሉት ጭራ ብቻ ነው።

የፀሐዩንም ነገር አብረው ያስቡ። የሀዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ብርሃኑ ከጀርባዎ ነው። የባቱ ከተማ ግን ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ናት። እዚያ ማለዳ ወደ ውኃው ሲመለከቱ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ጥሩው ብርሃን የሚመጣው ከሰዓት፣ ከነፋሱ ጋር ነው። ምርጫው ካለዎት ሀዋሳን ለጠዋት፣ ባቱን ለ10 ሰዓት ገደማ ያድርጉት።

ነፋሱ ራሱ የሚያመጣውን ማየት የማይፈልግም አለ። ጃኬቱን ጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ብዙ ወፎች እነዚህ ሐይቆች ላይ ይገኛሉ። ከእነሱ መካከል ነጭ ክንፍ ተርን ለነፋስ ቀን የተፈጠረች ነው ብል አላጋነንኩም። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ፣ ውኃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ በዝግታ ወደፊት ትሄዳለች። ጎንበስ ብላ ከውኃው ፊት ነፍሳት ትለቅማለች። የምትፈልገውን ያህል ከሄደች በኋላ ክንፏን ታዘነብልና ነፋሱ ወደኋላ ይዟት ይሄዳል፤ እንደገና ትጀምራለች። ጸጥ ባለ ቀን በዓይን ለመከተል የምታስቸግር ወፍ ያን ቀን ፊትዎ ላይ ቀስ ብላ ታልፋለች።

ስለ ዕቃ ብዙ የምለው የለኝም። 12 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ነፋስ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ 8 ይበቃል። ትራይፖድ ካለዎት እግሩን አጭር አድርገው፣ መሬት ተቀምጠው ይጠቀሙበት።

ጀልባ ላይ ግን ቆም እንበል። ዝዋይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ተነሥቶ ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሶ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ማለት መመለሻው በማዕበል ነው ማለት ነው። ጀልባ ነጂው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አበቃ። «ወንድሜ፣ ከዚህ ድረስ መጥተን እንዴት እንመለሳለን» እያሉ መጫን የእሱንም የራስንም ሕይወት መድፈር ነው። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይውጡ። ዝዋይም ሀዋሳም ጉማሬ አለ፤ ማዕበል ሲበዛ ደግሞ ጭንቅላቱን ከሩቅ መለየት ያስቸግራል።

የመጨረሻው ስህተት አብያታ ሐይቅ ላይ የሚሠራው ነው፤ እኔን በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሐይቁ በመስኖና ከውኃው በሚወጣው የሶዳ ጨው (ሶዳ አሽ) ምርት ምክንያት ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። ድሮ ውኃ የነበረበት ሜዳ ላይ መኪና እየነዱ ፍላሚንጎዎቹ ድረስ የሚጠጉ አሉ። ሲነሡ ቪዲዮ ለመቅረጽ ሆን ብለው ጥሩንባ የሚነፉም አሉ። ከላይ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ጭቃ ነው፣ መኪና ይውጣል። የወፎቹ ጉዳት ግን ይብሳል። ሐይቁ ጨው ሲበዛበት ዓሣው ጠፍቶ፣ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ራቅ ወዳለ ውኃ ለመሄድ ተገደዋል። ፍላሚንጎውም ቢሆን የሚበላውን ከውኃው ውስጥ ሲያጣራ ነው የሚውለው። በከንቱ ባስነሣነው ቁጥር፣ በተለይ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ያን የለፋበትን ጉልበት ነው የምናስጨርሰው።

መኪናውን መንገዱ ላይ ያቁሙ። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ስካውት (ጠባቂ) ይዘው በእግር ይሂዱ። የሶዳው አቧራ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽር ያድርጉ፣ አፍንጫዎን በሻሽ ይሸፍኑ። ፍላሚንጎዎቹ ምንቃራቸውን ውኃ ውስጥ እስካደረጉ ድረስ ርቀትዎ ደህና ነው። አንገታቸውን ቀና ካደረጉ ይቁሙ። ተያይዘው መራመድ ከጀመሩ ወደኋላ ይመለሱ።