የሰሜን ሸዋን ዝናብ በአንድ ወረቀት ላይ፦ የተወሳሰበ የዘፈቀደ ሂደት እንዴት ይሳላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ዝናብ የማያወራ ሰው የለም። የመንዙ በልግ ቀረብን ይላል፣ የሸዋ ሮቢቱ ክረምቱ ዘገየ ይላል። እኔ ስታቲስቲክስ ስለማስተምር ሁሉንም በአንድ ግራፍ ማየት ያምረኛል። ችግሩ፣ 30 ቦታ ከወሰዳችሁ እያንዳንዱ ጊዜ 30 ቁጥር ይሆናል። 30 ዳይሜንሽን የሚችል ወረቀት ደግሞ የለም።

መጀመሪያ ዳታ። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ ዳታ በነፃ ይወርዳል። የሳተላይትና የጣቢያ ልኬት ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አንድ ቁጥር አለው። አንኮበርን፣ መሐል ሜዳን፣ ዓለም ከተማን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን ያዙና ሌሎች ነጥቦች ጨምሩ። የቀን ዝናብ ዝም ብሎ ስለሚዘል በ10 ቀን ደምሩት። የሜትሮሎጂ ሰዎች ዴካድ ይሉታል፤ በዓመት 36 ነው። በፈረንጅ ወር ቁጠሩ። በእኛ ከሆነ ጳጉሜን የት ልትከቷት ነው?

ሰንጠረዡ ላይ ረድፉ ዴካድ፣ ዓምዱ ቦታ ይሁን። ከዚያ የየቁጥሩን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፤ አለበለዚያ ጥቂት ዶፍ ዝናቦች ግራፉን ጠቅልለው ይወስዱታል። ቀጥሎ ከየቦታው የዚያን ዴካድ የብዙ ዓመት አማካይ ቀንሱ። ይህን ከዘለላችሁት የግራፋችሁ የመጀመሪያው አክሲስ (አግድም መስመሩ) የሚነግራችሁ ሐምሌና ነሐሴ እንደሚዘንብ ብቻ ነው። እሱን ማንም ያውቃል።

አሁን ፒሲኤ፤ ብዙ ዓምዶችን አደባልቆ ነጥቦቹ በብዛት የሚለያዩባቸውን ጥቂት አክሲሶች የሚያወጣ ዘዴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወረቀት ላይ እንሥላለን። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሳይኪት-ለርን በሚባለው ዝግጁ መሣሪያው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እያንዳንዱ ዴካድ አንድ ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹን በጊዜ ቅደም ተከተል በቀጭን መስመር አያይዙ፣ ቀለሙ በዓመት ይቀያየር። 1984ን እና 2015ን (እ.ኤ.አ.) በደማቅ ቀለም ለዩዋቸው፤ የድርቅ ዓመታት ናቸው። ከዚያ አክሲሱ ምን እንደሆነ ለመረዳት የየቦታውን ክብደት፣ ማለትም አክሲሱ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ እዩ። ሁሉም አንድ ምልክት ካላቸው አክሲሱ አጠቃላይ እርጥበት ነው። ደብረ ብርሃን ፕላስ፣ ሸዋ ሮቢት ማይነስ ከሆነ ደጋና ቆላን እየለየ ነው። ፕላሱ የትኛው ጎን ላይ እንደወደቀ ግን ትርጉም የለውም፤ ሊገለበጥ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የድርቅን መጠራቀም ለማየት የዝናቡን ትርፍና ጉድለት እየደመሩ ከሄዱ በኋላ ፒሲኤ ይሠራሉ። የሚያምር ቅስት ይወጣል። «አየሩ አቅጣጫ ቀየረ» ተብሎ ይጻፋል። እስቲ በኮምፒውተር ንጹሕ ዕጣ አውጡ፦ 500 ዓምድ፣ 300 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ከላይ ወደ ታች እየተደመረ የሚሄድ የዘፈቀደ ቁጥር። ያው ቅስት ይወጣል! የመጀመሪያው አክሲስ 61 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ ገደማ ልዩነቱን ይወስዳል። ምክንያቱም የእንዲህ ያለ ድምር ዋና አክሲሶች የኮሳይን ሞገዶች ናቸው። መጀመሪያው ግማሽ ዙር፣ ሁለተኛው ሙሉ ዙር፤ ሁለቱን ስታጋጥሟቸው ፓራቦላ ይሆናሉ። ስለዚህ የተደመረ ነገር ላይ 60 በመቶ አገኘሁ ማለት ምንም አዲስ ነገር አይነግርም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዓመታቱን እንደ ካርታ በውዙ፤ የዓመቱ ውስጥ ግን አይነካ። በዚህ መንገድ የቦታዎቹ ዝምድናና የወቅቱ ቅደም ተከተል ይጠበቃል። እንደገና ደምሩ፣ ፒሲኤ ሥሩ፣ ቢያንስ 200 ጊዜ ደጋግሙ፤ ሁሉንም በግራጫ ሳሉ። የራሳችሁን መስመር በላዩ ጣሉ። ግራጫው ውስጥ ከሰመጠ ታሪክ አትፍጠሩለት።

ብዙ ዳይሜንሽንን ወደ ሁለት የሚያወርድ ቲ-ስኒ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ጎረቤት ነጥቦችን ለማየት ጎበዝ ነው። በክምችቶች መካከል ያለውን ርቀት ግን አትመኑት። ፐርፕሌክሲቲውን (እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ጎረቤት ገደማ እንዲያይ የሚወስነውን ቁጥር) ከ5 እስከ 50 እየቀያየራችሁ ሞክሩ፤ በአንዱ ብቻ የሚታየውን ክምችት ለማንም አታሳዩ።