«ወንድ ነው» ብላችሁ ጊሽጣውን ከመቁረጣችሁ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ጊሽጣ ያለበት ግቢ ከገባችሁ አንድ ወሬ አይቀርላችሁም። «ያብባል፣ ያብባል፣ ግን አያፈራም። ወንድ ሳይሆን አይቀርም።» ቀጥሎ መጥረቢያ ይመጣል። ፓፓያ ላይ ወሬው እውነት አለው፤ ወንዱ ዛፍ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ ትሆናለች። ጊሽጣ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ አበባ ወንድም ሴትም ነው። ችግሩ የሰዓት ነው። እሱ ላይ እንደርሳለን፣ መጀመሪያ እንትከል።

የማወራው ስለ ጎርባጣው ጊሽጣ ነው፤ ቅርፊቱ እብጥ እብጥ ያለው፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳው። ዓረቦች «ቂሽጣ» ይሉታል፤ ቃሉ የወተት ስልባቦትም ማለት ነው። የቀመሰ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። መነሻው የአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ናቸው፣ ስለዚህ የድሬ ሙቀት አይከብደውም። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ግን ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። እዚያ ከሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግንብ ሥር ትከሉት። ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል።

1. ዘሩ። ጥሩ ጊሽጣ በልታችሁ ዘሩን አትጣሉ። እጠቡት፣ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን አፉን ቆርጣችሁ፣ ሥሩን በስታችሁ፣ አፈርና ፍግ ሙሉበት። ዘሩን 2 ሴንቲ ያህል ቅበሩት። ከዚያ ትዕግሥት ነው። አንድ ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እኔ የመጀመሪያውን «ሞቷል» ብዬ አፈሩን ልደፋ ስል ነው ብቅ ያለው።

2. ጉድጓዱ። ችግኙ ክንድ ሲያህል፣ ክረምቱ ሲገባ፣ 60 በ60 ሴንቲ ቆፍራችሁ ብስባሽ ቀላቅላችሁ አስገቡት። ሁለት ከሆኑ በመካከላቸው 4 ሜትር ተዉ። አፈር ብዙም አይመርጥም፤ አሸዋም ይችላል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ታውቃላችሁ። ዛፉ ይሄን ይችለዋል። አዲስ ቅጠል በደም ሥሮቹ መሃል ቢጫ ካለ ግን ኖራው በዝቶበታል፤ ብስባሽ ጨምሩለት፣ የዝናብ ውኃ ስታገኙም ለሱ ስጡት። ሥሩ ዙሪያ ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካው።

አጥር ስለ ፍየል ብላችሁ አትድከሙ። የሠፈራችን ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ፣ የጊሽጣ ቅጠል ግን አሽትተው ያልፋሉ።

3. መቁረጥ። በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ አትደንግጡ፣ ልማዱ ነው። የካቲት ላይ፣ አዲስ ቅጠል ሳይጀምር፣ የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ አንሱ። የረዘመውንም አሳጥሩ። አበባው በብዛት የሚመጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። እጃችሁ የሚደርስበት ቁመት ላይ ብታቆሙት ለቀጣዩ ሥራ ይጠቅማችኋል።

4. ብሩሹ። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ያብባል። አበባው አያምርም፤ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሦስት ወፍራም አረንጓዴ ቢጫ መልካበብ ያለው ነገር ነው። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይከፈታል። ብናኙን የሚያራግፈው በኋላ፣ ሴትነቱ ካበቃ ወዲያ ነው። ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚያቅተው ለዚህ ነው። በተፈጥሮ ይሄን የሚያስታርቁት ትናንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። እነሱ ከሌሉ፣ አየሩም ደረቅና ሞቃት ከሆነ፣ አበባው እንዲሁ ይረግፋል።

ስለዚህ የጥንዚዛውን ሥራ እኛ እንሠራለን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ ውጡ። የልጆች የሥዕል ብሩሽና የቡና ሲኒ ያዙ። ፈጽሞ የተከፈተ አበባ ፈልጉ፤ መሃሉ ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚረግፍ። እሱን ሲኒው ላይ አራግፉት። ቀጥሎ ገና ግማሽ የተከፈተ አበባ ፈልጉ። ውስጡ ያለችው ነጭ እብጠት እርጥብ ሆና ካብለጨለጨች ጊዜዋ ነው። መልካበቡን በጣት ቀስ ብላችሁ ለዩ፣ ብሩሹን ብናኙ ውስጥ ነክራችሁ ዙሪያዋን በሙሉ አዳርሱ። ግማሹን ብቻ ከነካችሁ ፍሬው ጎባጣ ሆኖ ያድጋል። ለአንድ አበባ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

የመጀመሪያ ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አየችኝ። «አቦ ልጄ፣ አሁን ደግሞ አበባ መቀባት ጀመርሽ?» አለች። ከሰባቱ አበባ አምስቱ ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ብሩሹን የተዋሰችኝ እሷ ናት።

5. ፍሬው። ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውኃ አታቋርጡ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ፍሬውን አገላብጡት፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ተደብቆበት ይሆናል። በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ጉንዳኑንም አባርሩ፤ ተባዩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

እብጠቶቹ መሃል ያለው ስንጥቅ ሰፋ ብሎ ወደ ክሬም ቀለም ሲሄድ ቁረጡት፣ ገና ጠንካራ ሳለ። ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁ ይፈነዳል፣ ወፍም ይቀድማችኋል። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ሳይበስል ፍሪጅ አታስገቡት፣ ይጠቁራል።

ዘሩን ግን ትፉት፣ አታኝኩት። መርዝ አለው። ድሮ ለቅማል ማጥፊያ የሚወቅጡት ነበሩ፤ ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ገብቶ ከተገኘ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱ። ልጆች ካሉ ዘሩን ከጠረጴዛው ላይ ወዲያው ሰብስቡና ለጄሪካኑ አስቀምጡት።