ፖዝ የማይደረግ ጌም፦ ተማሪ ሆናችሁ ኦንላይን ለምትጫወቱ

ኦንላይን ጌም በፈለጋችሁ ጊዜ ፖዝ አይደረግም። ተማሪ ሆኖ የሚጫወት ሰው ከሁሉም በፊት ይቺን ቢይዝ ደስ ይለኛል። ከቤተሰብ የሚያጣላው፣ የቤት ሥራ የሚያስረሳው፣ እንቅልፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ማቆም አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ጌም ስትመርጡ ግራፊክሱን ከማየታችሁ በፊት አንድ ዙር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዩ።

ፐብጂ ሞባይል ላይ ኤራንግል የሚባለው ካርታ ገብታችሁ እስከ 100 ከሚደርስ ሰው ጋር ስትወርዱ፣ እስከ መጨረሻው ከቆያችሁ 30 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ፍሪ ፋየር ወደ 50 ሰው ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሞባይል ሌጀንድስም ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ዶታ 2 ግን ሌላ ነገር ነው፤ 40 ደቂቃ የተለመደ ሲሆን አንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ጠዋት ትምህርት እያለ ማታ ዶታ መክፈት አይመከርም። ለዓርብ ማታ ወይም ለቅዳሜ አቆዩት።

ከዚያ በሰዓት ሳይሆን በዙር ቁጠሩ። «እስከ 3 ሰዓት እጫወታለሁ» ያለ ሰው 3 ሰዓት ሲሞላ ሁሌም ዙር መሀል ነው። «ሁለት ዙር» ካላችሁ ግን መቆሚያው ግልጽ ነው። ለቤትም እንደዚያው ንገሩ። ዙሩ ሳይጀመር ኩሽና ብቅ በሉና «እማዬ፣ የምትልኪኝ ነገር አለ? ለግማሽ ሰዓት መነሳት አልችልም» በሉ። ሱቅ የሚያስኬድ ነገር ካለ ሄዳችሁ መጥታችሁ ትጀምራላችሁ። መጨረሻው ዞን ላይ አራት ሰው ሲቀር «ቶሎ ሽንኩርት ገዝተህ ና» ቢባል መነሳት ከባድ ነው፤ «መጣሁ መጣሁ» እያሉ አለመምጣት ደግሞ ስልክ ያስቀማል። እናቶች ጌም አይገባቸውም የሚለውን ነገር አልቀበልም። ቀድሞ ከተነገራቸው በደንብ ይገባቸዋል።

ወደ ፒንግ እንምጣ። ፒንግ ማለት እናንተ ስትነኩ መልእክቱ ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። ሰርቨሩ ያለው ፍራንክፈርት ከሆነ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዱባይ ከሆነ ግን ወደ 2,500 ይጠጋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ ፍራንክፈርት ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊ ሰከንድ የግድ ነው። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሕር በር ስለሌለን መስመሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገር፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር መውጣት አለበት። ስለዚህ ሰርቨር ምረጡ ሲላችሁ ሚድል ኢስትንም ዩሮፕንም ሞክሩና ቁጥሩን አወዳድሩ፤ በካርታ የሚቀርበው ሁሌ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ቁጥሩ አለመዝለሉ ነው። 120 ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፒንግ ከ60 ተነስቶ 300 ከሚደርስ ፒንግ በብዙ ይሻላል፣ ምክንያቱም እጃችሁ የማይለዋወጥ መዘግየትን ይለምደዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ስልክ ላይ የ09 እና የ07 ሲም አብሮ መያዝ የተለመደ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ በአንዱ ሲም እያወራችሁ የሌላው ሲም ዳታ ይቆማል። በ07 ዳታ እየተጫወታችሁ በ09 ከተደወለና ካነሳችሁ፣ ጌሙ እዚያው ይደርቃል። ኔትወርኩን ትሳደባላችሁ እንጂ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። አንድ ሲም ብቻ ቢኖርም፣ ስልኩ በ4ጂ ላይ ጥሪ የማያስተናግድ ከሆነ ሲደወል ወደ ታችኛው ኔትወርክ ይወርድና ፒንጉ ይሰቀላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለደረጃ (ራንክ) ስትጫወቱ የማትጠቀሙበትን ሲም ከሴቲንግ ለጊዜው አጥፉት፣ ወይም ጥሪውን ወደ ሌላ ስልክ አዙሩት። ቤት ውስጥ ግን የሚፈልጋችሁ ሰው ካለ ይህን አታድርጉ።

ዋይፋይ ካላችሁ፣ ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ የሚሰጥ ከሆነ 5 ጊጋኸርዙን ያዙ። ግድግዳ በደንብ አያልፍም፣ ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ የሚጋጨው በ2.4 ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኬብል ሰኩ። ስድስት ኪሎም ሆነ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ፣ የዶርም ዋይፋይ ማታ ላይ በጣም ብዙ ሰው የሚጋራው ስለሆነ ለደረጃ አትጫወቱበት። ጠዋት ይሻላል። መብራት ሲጠፋ የሚያድን ትንሽ ዩፒኤስ ለራውተር ብቻ አለ፤ የመግዣውን ካገኛችሁ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ በስልካችሁ ከዋይፋዩ ሳትቋረጡ ትቆያላችሁ። ዶታ ላይ መስመር ከተቋረጠ 5 ደቂቃ ስላላችሁ የስልክ ሆትስፖት ለመክፈት ይበቃል፤ አትደንግጡ።

የዳታ ብር የሚበላው ጨዋታው ሳይሆን አፕዴቱ ነው። መጫወት በሰዓት ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋባይት አካባቢ አያልፍም፣ አፕዴት ግን በጊጋባይት ነው የሚመጣው። አውቶማቲክ አፕዴትን ዝጉ። ርካሽ የሌሊት ጥቅል ስትገዙ ዳውንሎዱን አስጀምራችሁ ተኙ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ጓደኛችሁ ቀድሞ ካወረደው ደግሞ አንዳንዱን ጌም ከስልክ ስልክ ማጋራት ይቻላል።

ፈተና ሲደርስ፣ በተለይ 12ኛ ክፍል የሆናችሁ፣ ደረጃዬ ይወርዳል ብላችሁ አትጨነቁ። ፐብጂም ሞባይል ሌጀንድስም በየሲዝኑ ደረጃን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ፈተና ላይ ሆናችሁ የምትጠብቁት ደረጃ ሲዝኑ ሲያልቅ ለማንኛውም ይወርዳል። አፑን አጥፉት፤ አካውንቱ ሰርቨር ላይ ነው፣ የትም አይሄድም። ስኳዳችሁንም (አብሯችሁ የሚጫወተውን ቡድን) የፈተና ጊዜው ከእናንተ ጋር ከሚገጥም ሰው ጋር መሥርቱ። ሁሉም አብሮ ሲያቆም ማንም ሌሊት «ና አንድ ብቻ» ብሎ አይደውልም። ይሄ እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ብቻችሁን ከራሳችሁ ጋር ከመታገል ያድናል።

ገንዘቡን በተመለከተ በጣም ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ቴሌግራም ላይ በቴሌብር ተቀብለው ዩሲ (የፐብጂ የውስጥ ገንዘብ) የሚሞሉ ልጆች አሉ። ለመሙላት የሚያስፈልጋቸው የተጫዋች መለያ ቁጥራችሁ ብቻ ነው። ፓስወርድ ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ የጠየቀ ሰው አካውንታችሁን ሊወስድ ነው፤ ወዲያው ብሎክ አድርጉት። «ነጻ ዩሲ» የሚል ሊንክ ሁሉ እንደዚያው ነው። የታክሲና የምሳ ብር ለስኪን (ለልብስና ለመሣሪያ ማሳመሪያ) አይውጣ፤ ስኪን ጥይት አይመልስም። አካውንቱን ከራሳችሁ ኢሜይል ጋር አያይዙ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ከጓደኛ ስልክ ወይም ከጌም ቤት ኮምፒውተር ገብታችሁ ከነበረ ደግሞ ዛሬውኑ ሴቲንግ ገብታችሁ ከሁሉም ስልክ ውጡና ፓስወርዱን ቀይሩ።