ከፍራሽ በታች ያለውን ሳጥን ያለ ወገብ ሕመም ለመክፈት

ደብረ ማርቆስ ብርዷ ከባድ ነው። ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ በርኖሱ ሁሉ የሚቀመጠው አልጋ ውስጥ ነው። እናቴ የሳጥን አልጋዋን ክዳን ከነፍራሹ ባነሳች ቁጥር ወገቧን ስትይዝ ማየት አልቻልኩም። እናንተም ቤት ይህ ካለ እንዲህ አድርጉ።

የመኪና የኋላ በር ሲከፈት ደግፎ የሚይዘውን የጋዝ ዘንግ ታውቁታላችሁ? ሁለት ግዙ፣ በግራና በቀኝ ይታሰሩ። ኃይሉ በኒውተን ተጽፎበታል። 100 ኒውተን ወደ 10 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ግን ተጠንቀቁ። ዘንጉ ለማጠፊያው ስለሚቀርብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክዳኑ ከነፍራሹ 30 ኪሎ ቢመዝንና ዘንጎቹ ከማጠፊያው እስከ ጫፉ ባለው ርቀት ሩብ ላይ ቢታሰሩ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከ60 ኪሎ በላይ መግፋት አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑንም ፍራሹንም መዝኑ። ሁልጊዜም ፍራሹ ላዩ ላይ እያለ ሞክሩት፤ ባዶውን ክዳን ተፈናጥሮ ያስነሳዋል።

ከአሮጌ መኪና የወጣ አትግዙ፣ ጋዙ አልቆ ይሆናል። ክዳኑ ሲዘጋ የዘንጉ ቀጭን ብረት ወደ ታች ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ዘይት ጋዙን የሚያሽገውን ጎማ ያረጥበዋል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዘንጉን ፈጽሞ አትብሱት፣ በእሳትም አታሙቁት። ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው።

ልጆች ካሉ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ በእንጨት ደግፉት። እኔ ለእናቴ ከአልጋው ጎን አንድ ዱላ በገመድ አስሬላታለሁ።