ቤት ወይስ ጣቢያ? የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ስታደርጉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው ሥራዬ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው የምሠራው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ስለ መኪና ቻርጅ ነው የሚጠይቀኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቤት ቻርጅ ባደርግ ይሻለኛል ወይስ ውጭ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ? አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የቀን መንገድን ሳያሰሉ ትልቅ ቻርጀር መግዛት

ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ውሎ፣ ገበያ ጎራ ብሎ ወደ ቤት የሚገባ ሰው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብዙ ነው። መካከለኛ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው መለኪያ) ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ለ50 ኪሎ ሜትሩ 7 ተኩል ነው። ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነውን ስትጨምሩበት 8 ተኩል ገደማ ይሆናል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው በእጅ የሚያዘው ቻርጀር በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። አራት ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ትተኛላችሁ።

ይህን ሳያሰላ ባለ 7 ኪሎዋት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር የገዛ ደንበኛ ሰሚት አካባቢ አለኝ። ያ ቻርጀር ብቻውን 32 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። ባለቤቱ ምጣድ በጣደች ቁጥር ዋናው ብሬከር እየወረደ ሁለት ወር ተሰቃይተዋል። ስሄድ የጨመርኩላቸው ነገር የለም። የቻርጀሩን ኃይል ዝቅ አድርጌ መኪናው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት ሞላሁለት። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ራት ሲሠራ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ ሌሊት ግን ይረጋጋል። መኪናው በየጠዋቱ ሞልቶ ያድራል። ለቻርጀሩ ያወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ኧርዝ በሌለበት ቤት «ማታለያ» መሥራት

እባካችሁ ይህንን አንብቡ፤ ሌላውን ብትዘሉት እንኳ።

ብዙ የቆዩ ቤቶቻችን ኧርዝ፣ ማለትም የሚያመልጥ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የላቸውም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ፍሪጅም ቴሌቪዥንም እንደዚያው ስለሚሠሩ ማንም ልብ አይልም። የመኪና ቻርጀር ግን ይፈትሻል። ኧርዝ ካጣ ቀይ መብራት ያበራና አልሰጥም ይላል። ሰው ተበላሸ ብሎ ያስባል። ከዚያ «የሚያውቅ» ይጠራል። ያ የሚያውቅ የተባለው ሰው ሶኬቱን ይፈታና ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ቦታ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ተታሎ አረንጓዴ ያበራል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሰውየውም ተመስግኖ፣ ተከፍሎት ይሄዳል።

አሁን ምን እንደተሠራ ልንገራችሁ። የመኪናው ብረት አካል ከኒውትራሉ ሽቦ ጋር ተያይዟል። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ግን በንፋስ ወይም በላላ ብሎን ኒውትራሉ ቆጣሪው ጋ ወይም ምሰሶው ላይ ይበጠሳል። በዚያች ቅጽበት የመኪናው በር፣ መስተዋት መያዣው፣ ኮፈኑ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ክረምት ነው እንበል። መሬቱ ረጥቧል። ልጅ በባዶ እግሩ ኳሱን ከመኪናው ሥር ለማውጣት ይጎነበሳል።

ይህ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ «መኪናው ትንሽ ይነዝራል» ተብዬ ተጠርቼ ቴስተሬን በሩ ላይ ሳስነካው በራ። ተከራዮቹ «ሲረጥብ ብቻ ነው» እያሉ ሦስት ሳምንት ኖረውበታል። ግቢው ውስጥ አራት ልጆች ነበሩ። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የፈታሁት። ይህን የሚሠሩ የሙያ ጓደኞቼን የምለምነው ነገር አንድ ነው፦ ደንበኛው ቢቆጣም እምቢ በሉ።

ትክክለኛው ሥራ ከባድ አይደለም። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ በመሣሪያ ይለካል። ዘንጉ ብቻውን ግን አይበቃም። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም አብሮ መግባት አለበት። የቤት ቻርጅ ወጪ ስታሰሉ ይህን ከመኪናው ዋጋ ጋር ቁጠሩት።

በማከፋፈያ መሰካት

ቻርጀሩ ለቻርጅ ብቻ ከተዘረጋ መስመር በቀር ሌላ ቦታ አይሰካ። ምጣድ ሰዓት ሠርቶ ይነሳል፤ መኪና ግን ባትሪው ብዙ ከጎደለ ስምንት ሰዓት ሳያርፍ ይስባል። ስስ ሽቦና የላላ ሶኬት ይህን አይችሉም።

እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንዲት እናት ያለውን የጋራዥ ሶኬት አሳይተውኝ «ይበቃል ልጄ?» ሲሉኝ በዓይኔ ብቻ አይቼ «ይበቃል» አልኳቸው። በአሥረኛው ቀን ደወሉልኝ። ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል፤ ግድግዳው ጠቁሯል። እሳት አልተነሳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መስመሩን በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ፈትቼ ሳላይ «ይበቃል» ብዬ አላውቅም።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አታውርዱ። ቆጣሪያችሁ ምድር ላይ ካለ ከቆጣሪው ተነስቶ መኪና ማቆሚያው ድረስ የተቀበረ መስመር ይዘርጋ። ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር ተነጋግራችሁ፣ ለጎረቤትም በሚሆን መንገድ ብትሠሩት ወጪው ይካፈላል።

የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ብቻ ማወዳደር

«ቤት ርካሽ ነው» የሚለው እውነት ነው። ግን ሂሳቡ ሙሉ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በ7 እርከን የተከፈለ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። የመጨረሻው እርከን በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ቤታችሁ በወር 200 ይፈጅ ከነበረና መኪናው 250 ከጨመረበት ከሦስተኛው እርከን ወደ ስድስተኛው ወጣችሁ ማለት ነው። ታሪፉ ራሱም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት የጓደኛችሁ ሂሳብ ለእናንተ አይሠራም። የራሳችሁን የቅርብ ወር ቢል አውጡና በእሱ አስሉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የጋራ ቆጣሪ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። አንዱ ተከራይ የኤሌክትሪክ መኪና ያመጣል። ቢሉ ይዘልና ለአራት ይካፈላል። አንድ አምፖልና አንድ ፍሪጅ ያላት ሴት የሰው መኪና ትሞላለች። መኪናው ያለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አላሰበውም። ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ በቻርጅ መስመሩ ላይ ይግባ። እርከኑ ከፍ በማለቱ የመጣውን ልዩነትም መኪናው ያለው ሰው ይሸፍን።

የካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ቀሪውን እዩ። ሌሊት ካለቀ መኪናው ሳይሞላ፣ ፍሪጁም ጠፍቶ ነው የምትነሱት።

ፈጣን ጣቢያ ላይ እስከ 100 መጠበቅ

ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ ፈጣን ጣቢያዎች ከተከፈቱ ወዲህ በቴሌብር ከፍሎ በአጭር ጊዜ መሄድ ተችሏል። ለራይድ ሹፌርና ቤቱ መስመር ለሌለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ሁለት ነገር ይረሳል።

አንደኛ፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለመኪናችሁ ቃል አልገባም። ማሽኑ 120 ኪሎዋት ቢችልም ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል ከ40 ኪሎዋት አካባቢ በላይ አትቀበልም። ሁለተኛ፣ ባትሪው 80 በመቶ ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። የመጨረሻዋ 20 ከፊተኛው 50 እኩል ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። ከኋላችሁ የተሰለፈው ሹፌር የዕለት እንጀራው በዚያ ሰዓት ላይ ነው። መንገድ የማትወጡ ከሆነ 80 ላይ ንቀሉ፤ ቀሪውን ሌሊት ቤት ይሙላ።

የሶኬት ዓይነት ሳያዩ መሄድ

ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ከአውሮፓ የመጡት ሲሲኤስ 2 ናቸው። የዝግታ ቻርጅ ቀዳዳቸው ሲያዩት ይመሳሰላል፤ አይገጥምም። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት እዩት። አስማሚ ከገዛችሁ የምትችለው አምፔር ላይዋ ላይ የተጻፈባትን ግዙ።

ከአዳማ በሄዱበት ሂሳብ መመለስ

ስንሄድ ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዳማ ከዚያ 700 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ መልሶ ለመውጣት ብቻ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህ በመደበኛው ፍጆታ ላይ የሚጨመር ነው። ትንሽ ባትሪ ላለው መኪና ይህ ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንዱ ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ 100 እየነዳችሁ ደግሞ ከከተማው የበለጠ ይበላል።

ከነቤተሰቤ በ40 በመቶ ደርሰን «60 በመቶ ጨርሰን መጥተናል፣ ትንሽ ብንጨምርበት ይበቃል» ብዬ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ሰክቼ የተመለስኩበት ቀን ነበር። ከደብረ ዘይት በኋላ ኤሲውን አጥፍተን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳን፣ ልጆቹ ዝም ብለው ቁጥሩን እያዩ ቃሊቲ ገባን። 4 በመቶ ቀርቶ ነበር። አሁን አዳማ ምሳ ስንበላ መኪናው አብሮን ይበላል፤ 80 ሳይደርስ አንነሳም።