የካንሰር ታማሚን ገንዘብ የሚጨርሱ ስህተቶች

ካንሰር መሆኑ የተነገረ ዕለት ቤተሰቡ ብር ፍለጋ ይሮጣል። በሬ ይሸጣል፣ እቁብ በልመና ይወጣል፣ ውጭ ላለ ዘመድ ይደወላል። ወረቀት የሚያስበው የለም። ወረቀት የጎደለው ሰው ግን አንዱን ምርመራ ሁለቴ ይከፍላል፣ አንዱን መንገድ ሦስቴ ይመላለሳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ያለ ሪፈር አዲስ አበባ መምጣት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ በኪሱ ያለ አባወራ፣ ጤና ጣቢያው ያጉላላኛል ብሎ በሌሊት አውቶቡስ ይሳፈራል። ግል ክሊኒክ ገብቶ አልትራሳውንዱን፣ ናሙናውን፣ ሲቲ ስካኑን ከኪሱ ይከፍላል። ብሩ ሲያልቅ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ዞሮ “ሪፈር?” ሲባል እጁ ባዶ ነው፤ ለአንዲት ወረቀት እንደገና ወረዳው ድረስ ይመለሳል። ኧረ ተው! መድኑ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል፣ ሆስፒታሉ ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ወደ ከፍተኛው ይልካል። ሪፈሩን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስሙ እስከ አያት ድረስ ከመድን ካርዱና ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ የተላከበት ሆስፒታል አለ? መታወቂያዋ ላይ “ወርቅነሽ”፣ ሪፈሩ ላይ “ወርቄ” የተባለች ሴት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ምን እንደሚገጥማት የቆመ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ መምጣቱ ራሱ ግድ መሆኑንም ጠይቁ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ሁሉም ወደዚያ መሄድ ለምዷል፤ አሁን ጅማና ሐረርም ማሽን ገብቷል፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ደግሞ ጎንደርና ሐዋሳም ይሰጣል። ማሽኑ በዚያ ሳምንት እየሠራ መሆኑን ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። የጡት ካንሰር ጨረር ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 የሕክምና ቀን ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን። ስለዚህ ከሕክምናው በላይ የአልጋ ኪራይ ይከብዳል። ለሕፃናት ታማሚዎች ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስ የተባሉ የእርዳታ ድርጅቶች አሉላችሁ፤ አልጋ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ።

መድኑን ማሳደስ መርሳት። እድሳቱ በየዓመቱ፣ ወረዳው በሚወስነው ወቅት ነው። አስታማሚው ሆስፒታል ከሆነ ይህን የሚከታተል ሌላ ሰው ከቤት ይመደብ። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ድሃ ቤተሰብ መንግሥት ይከፍላል፤ ስሙ እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ግን ቀበሌው ቀድሞ ይጠየቅ።

የናሙናውን ብሎክ ትቶ መሄድ። ሁሉም የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ይይዛል፤ ሥጋው የተቀበረባትን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ተጨማሪ ምርመራ ሲታዘዝ (ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ይታዘዛል) ብሎኩ ካለ ከእሱ ላይ ይሠራል። ከሌለ እንደገና መርፌ፣ እንደገና ክፍያ።

መድኃኒት በጅምላ መግዛት ደግሞ ሌላው ነው። ዋጋ ሳይጨምር ተብሎ የስድስት ዙር ኬሞ በአንድ ቀን ይገዛል። መጠኑ የሚሰላው በክብደትና በቁመት ነው፤ ሁለት ዙር ወስዶ ስምንት ኪሎ የቀነሰ ሰው መጠኑ ይለወጣል። ዕጢው አልቀነሰም ከተባለም መድኃኒቱ ራሱ ይቀየራል፤ የተሸጠ መድኃኒት መልሶ የሚወስድ መድኃኒት ቤት ማግኘት ደግሞ ዘበት ነው። ቪንክሪስቲንና ትራስቱዙማብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው። መብራት ስድስት ሰዓት የሚጠፋበት ቤት ፍሪጅ ለዚህ አይታመንም። በረዶ ላይ በቀጥታ አስቀምጦ መጓዝም ያው ጥፋት ነው፤ ትራስቱዙማብ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል። በበረዶውና በብልቃጡ መካከል ፎጣ ይግባ። ለአንድ ዙር ብቻ ግዙ። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ጠይቁ፤ ከሌለው ማዘዣው ላይ “የለም” ብሎ ማኅተም ያድርግበት፣ ከዚያ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ዙሩ። ወረዳችሁ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ገንዘብ የሚመልስ ከሆነ ያ ማኅተምና ዋናው ደረሰኝ ይጠየቃሉ፤ ፎቶ ኮፒው ለእናንተ ይቅር።

ከክፍለ ሀገር ለኬሞ የምትመላለሱ፣ የደም ምርመራውን (ሲቢሲ) ከመነሳታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት እዚያው አሠርታችሁ ውጤቱን ለክፍሉ በስልክ ንገሩ። ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ካለ ኬሞው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይተላለፋል፤ ይህን አዲስ አበባ ደርሶ ከመስማት ቤት ሆኖ መስማት ይሻላል። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ቀጠሮም ስልክም አይጠበቅም፤ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ነው።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ሥራ አትልቀቁ። “አላስቸግራቸውም” ብሎ መልቀቂያ ያስገባ ሰው መብቱን በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። ፈቃዱ ተከፋፍሎም ይወሰዳል። ከኬሞ በኋላ ያሉትን ክፉ ቀናት ብቻ በፈቃድ ያዙና በመሃል ግቡ፤ ሙሉ ደመወዝ ያላት ያቺ ወር ብዙ ዙር ትሸፍናለች። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው የሰው ሀብት ክፍሉን ይጠይቅ።

ለሕክምናው ከሰው የሚሰበሰበውን ገንዘብ የባንክ ሂሳብ በታማሚው ስም ብቻ መክፈት፦ ታማሚው ካረፈ ባንኩ ሂሳቡን ይዘጋል፤ ወራሾች ከፍርድ ቤት ማረጋገጫ እስኪያመጡ አንድ ብር አይወጣም። “ውክልና አለኝ” ማለትም አያዋጣም፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ብሩ ተቆልፎ የቀብሩ ወጪ በብድር የሚሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ሂሳቡን በሁለት ወይም በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ክፈቱ፤ ባንኩንም ከፈራሚዎቹ አንዱ ቢሞት ሂሳቡ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የዚያኑ ዕለት ጠይቁት።