የድሮውን የጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ፉርጎ በ1 ለ87 ከባዶ መስራት

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባውን የድሮውን ባቡር ሞዴል መስራት ለምትፈልጉ፣ የመንገደኛ ፉርጎውን እኔ እንዴት እንደምሰራው ላሳያችሁ፣ ሎኮሞቲቩ ሌላ ስራ ነው፣ ከሱ መጀመርም አልመክርም፣ እጅ የሚፈታው ፉርጎ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ልኬት። ኤች ዜሮ የሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን 1 ለ87 ነው፣ እውነተኛው 87 ሚሜ ሞዴሉ ላይ 1 ሚሜ ይሆናል ማለት ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ ለ87 ስታካፍሉት 11.5 ሚሜ ይመጣል፣ ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ ኤች ዜሮ ኤም የሚባለው የ12 ሚሜ ሐዲድ ነው፣ ግማሽ ሚሜ ልዩነት አይን አይለየውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ተራውን የኤች ዜሮ 16.5 ሚሜ ጎማ ገዝቶ ይገጥማል፣ እሱ የ1435 ሚሜ ሐዲድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተመረቀው ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ልክ ነው፣ የድሮው ፉርጎ ስር ሲገባ ግን እግሩን ያንፈራጠጠ ያስመስለዋል።

ፕላን ከሌላችሁ ከፎቶ መለካት ይቻላል። ፉርጎው ከፊት ለፊት የተነሳበት ፎቶ ፈልጉ፣ በሁለቱ ሐዲድ መሀል ያለው አንድ ሜትር ነው አይደል፣ እሱ ማስመሪያችሁ ነው። ለምሳሌ ፎቶው ላይ በሐዲዶቹ መሀል 2 ሴሜ ካገኛችሁና የፉርጎው ስፋት 5.4 ሴሜ ከሆነ እውነተኛው ስፋት 2.7 ሜትር ነው፣ ሞዴሉ ላይ 31 ሚሜ። ግን ሐዲዱን የምትለኩት ልክ ከፉርጎው ግንባር ስር ካለው ቦታ ይሁን፣ ወደ ካሜራው የቀረበውን ከለካችሁ ሁሉም ነገር ተዛብቶ ይወጣል። ድሬዳዋ የምትኖሩ ደግሞ ታድላችኋል፣ የድሮዎቹ ፉርጎዎች እዛው ጣቢያው ጋ ስላሉ አስፈቅዳችሁ በሜትር ለኩ፣ የመስኮቱን ከፍታ፣ የደረጃውን፣ የበሩን እጀታ ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ እነዚህ ነገሮች ዝገው ከማለቃቸው በፊት መመዝገባቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው፣ ጎኑ። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ እንደሆነ ጨርሱት፣ ቀለሙንም ሪቬቱንም (የብረት ሉሆቹን የሚያያይዘው ባለክብ ራስ ሚስማር) መስኮቱንም፣ ሳጥን ከሆነ በኋላ እጅ አያስገባም። ግማሽ ሚሜ የፕላስቲክ ሉህ እጠቀማለሁ፣ ከጠፋ ጠንከር ያለ ለስላሳ ካርቶን ሱፐር ግሉ አጠጥታችሁ ስታደርቁት እንደ ፕላስቲክ ይቆረጣል። መስኮት ለመቁረጥ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን በቀጭን መብሻ ብሱ፣ ከዛ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በአዲስ ምላጭና በብረት ማስመሪያ ቀስ እያላችሁ ስድስት ሰባቴ አመላልሱ፣ በጭራሽ በሀይል አትጫኑ፣ የተጫኑት ምላጭ ማዕዘኑን አልፎ ይሰነጥቃል። መስኮቶቹ በሙሉ እኩል እንዲሆኑ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ በመስኮቱ ስፋት ቆርጣችሁ እሱን እያስቀመጣችሁ ምልክት አድርጉ፣ በማስመሪያ አንድ በአንድ ከለካችሁ ትንሿ ስህተት እየተደመረች መጨረሻ ላይ ያለው መስኮት ይጠባል።

ሪቬት ከፈለጋችሁ ስስ ወረቀት በጀርባው በደነዘዘ መርፌ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ገልብጣችሁ ለጥፉ። ለእጀታው ደግሞ የኔትወርክ ኬብል ሽቦ አትጠቀሙ፣ ግማሽ ሚሜ ነው፣ ወደ እውነተኛው ሲመለስ ከ4 ሴሜ በላይ ይወፍራል፣ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ያለችው አንዷ የመዳብ ክር ናት ልኩ።

መስታወቱ ቀለም ከደረቀ በኋላ ነው የሚለጠፈው፣ በነጭ ኮላ ብቻ። የመጀመሪያ ፉርጎዬን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጥፌ ጣራውን ዘግቼ አደርኩ፣ ጠዋት ስከፍተው መስኮቶቹ በሙሉ ጉም እንደወረደባቸው ነጭ ሆነዋል፣ የግሉው ትነት ተዘግቶበት መውጫ አጥቶ እላያቸው ላይ ተቀምጦ ነው፣ የሁለት ወር ስራ ነበር፣ ጎኑን ፈልቅቄ እንደገና ሰራሁት።

ጣራው ቆልማማ ስለሆነ ፕላስቲኩን ጠርሙስ ላይ ጠምጥማችሁ በፕላስተር አስራችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ትከቱታላችሁ። አዲስ አበባ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከፍታው ነው ምክንያቱ፣ ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ከሚወስደው የበለጠ አቆዩት፣ ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱትና ፍቱት፣ ቶሎ ካወጣችሁት ተመልሶ ይዘረጋል።

ወለሉና ቦጊው ጋ (ከፉርጎው በሁለቱ ጫፍ ስር ያለው ጎማዎቹን የያዘው ተሽከርካሪ ክፍል) አንድ ነገር ብቻ ካስታወሳችሁ ይቺን አስታውሱ፦ ሁለቱን ቦጊ አንድ አይነት አትሰሩት። አንደኛው ቪቱ ላላ ብሎ በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዝ፣ ሁለተኛው ግን ይዙር፣ ወደፊትና ወደኋላም ያዘንብል፣ ወደ ጎን ግን አያዘንብል፣ ግራና ቀኙ ላይ ሮንዴላ ወይም ቀጭን ፕላስቲክ አስገብታችሁ ነው የምታስቀሩት። እንደ ባለሶስት እግር በርጩማ ማለት ነው፣ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም፣ ሁለቱም ጥብቅ ከሆኑ አንድ ጎማ አየር ላይ ይቀርና ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ክብደትም ያስፈልጋል፣ አሜሪካኖቹ ሞዴል ሰሪዎች ለኤች ዜሮ 28 ግራም መነሻ አድርገው ለእያንዳንዱ ኢንች 14 ግራም ይጨምራሉ፣ 17 ሴሜ ፉርጎ ወደ 120 ግራም መሆኑ ነው፣ ለጠባብ ሐዲድ ቀለል ቢል ችግር የለውም፣ እኔ 90 አካባቢ አደርገዋለሁ፣ ሳንቲም ከወንበሮቹ ስር ደርድሬ።

ፉርጎው ጎን ላይ የኩባንያውን ስም ስትጽፉ ዘመኑን ወስኑ፣ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ ኩባንያው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ነው፣ ከዛ ወዲህ የጅቡቲ ኢትዮጵያ፣ የአንዱን ስም በሌላው ዘመን ፉርጎ ላይ መጻፍ ሌላውን ልፋት ሁሉ ያበላሻል።

መጨረሻ ላይ አቧራው። ያ መስመር ከደጋ ተነስቶ አዋሽን አቋርጦ በረሀ ነው የሚገባው፣ አዲስ የተቀባ የሚመስል ፉርጎ እውነት አይመስልም። ደረቅ ቀይና ቡናማ ጠመኔ ፈጭታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳችሁ ቀቡ፣ ከስር በዛ ያለ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚጠፋ፣ የእንፋሎት ዘመን ከሆነ ጣራው ላይ ጥቁር ጥላሸት ጨምሩ። ከዛ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከሩቅ ይነፋበታል፣ ቫርኒሹ ግማሹን አቧራ ስለሚውጠው ከምትፈልጉት ትንሽ አብዝታችሁ ነው የምትቀቡት፣ መስኮቶቹንም በፕላስተር ሸፍኑ፣ እስኪደርቅም ጎኑን አትንኩት፣ ከጎማው ያዙት።